ለሹማምንት በአንድ ሳሎን መጸለይ፦ ሐሳቡ ለተከፋፈለ ኅብረት የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተቀዳው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከአያት አደባባይ አልፎ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ አንድ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ከሚሰበሰብ የጸሎት ኅብረት ልምድ ነው። አሥራ ሁለት ያህል ሰዎች ነን። ግማሾቻችን በ2013 ዓ.ም. የከተማዋ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሆኖ የተቋቋመው የለሚ ኩራ ነዋሪዎች ስንሆን፣ የቀሩት ለገጣፎ ለገዳዲ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ፣ ከሰበታና ከገላን ጋር ተጠቃሎ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው በሸገር ከተማ ሥር ይኖራሉ። አፋችንን የፈታነው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በጉራጊኛ ነው። ወንድሙን በጦርነት ያጣ፣ ቤቱ የፈረሰበት፣ ባሏ ወታደር የሆነና ለወራት ድምፁን ያልሰማች፣ ዘመዱ በመንግሥት ኃላፊነት ላይ ያለ ሰው በአንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እንዲህ ባለ ሳሎን ውስጥ «ስለ መሪዎቻችን እንጸልይ» የሚለው ቃል ለአንዱ «መንግሥትን እንደግፍ» ሆኖ ሲሰማው፣ ለሌላው «መንግሥትን እንክሰስ» ሆኖ ይሰማዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ማታ በተጸለየ አንድ ዐረፍተ ነገር ምክንያት ሦስት ሰዎች ለሁለት ወር ያህል ከኅብረቱ ቀርተው ነበር። ዐረፍተ ነገሩን የጸለይኩት እኔ ነኝ። «ጠላቶቻችንን አሳፍርልን» ብዬ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ዜናው ሁሉ «ጠላት» ሲል የሰነበተው ግን ከሦስቱ የአንዷ እናት የሚኖሩበትን አካባቢ ሰዎች ነበር። እህታችን በዚያች ማታ «አሜን» ለማለት እናቷን መካድ ነበረባት። ከዚያ ወዲህ የያዝነውና የዚህ መመሪያ ሁሉ መሠረት የሆነው ደንብ ከዚህ የመጣ ነው፦ በጋራ የሚጸለይ ልመና በክፍሉ ውስጥ ያለ ማንኛውም ሰው የራሱን ሙታንና የራሱን ቤተሰብ ሳይክድ «አሜን» ሊለው የሚችል መሆን አለበት። ይህ ማለት ጸሎቱ ለዛ ቢስና ማንንም የማይነካ ይሁን ማለት እንዳልሆነ ከታች እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ፦ ለምን እንደምትጸልዩ ተስማሙ

ሹማምንትን በስም ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ሙሉ ማታ ለዚህ ጥያቄ ስጡ። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 2 ላይ ልመና፣ ጸሎት፣ ምልጃና ምስጋና ስለ ሰዎች ሁሉ፣ ስለ ነገሥታትና ስለ መኳንንትም እንዲደረግ ሲመክር ምክንያቱን አብሮ አስቀምጧል፤ «ጸጥና ዝግ ብለን እንድንኖር» ይላል። ጳውሎስ ወንጌልን ይዞ የዞረበት፣ በኋላም እንደ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት በሰማዕትነት የሞተበት መንግሥት የሮሙ ኔሮን የነገሠበት ነው። ኔሮን እ.ኤ.አ. ከ54 እስከ 68 ሲገዛ ክርስቲያኖችን ያሳደደ ቄሣር ስለነበረ፣ ምክሩን «ለምንወደው መሪ ጸልዩ» ብሎ የሚያነብ ሰው ዘመኑን ረስቶታል ማለት ነው። ነቢዩ ኤርምያስም በምዕራፍ 29 ለምርኮኞቹ በጻፈው ደብዳቤ፣ ስለ ተማረኩባት ስለ ባቢሎን ሰላም እንዲጸልዩ ያዘዛቸው የከተማይቱ ሰላም የእነርሱም ሰላም ስለሚሆን ነው። ቤታችን ካለበት ሰፈር ውጪ ሌላ መኖሪያ ለሌለን ለእኛ ይህ ምክንያት በቂ ነው፤ ወረዳው ሲታመስ ታክሲው ይቆማል፣ ታክሲው ሲቆም የቀን ሠራተኛው ጾሙን ያድራል።

በዚህ ውይይት ላይ ሁለት የቆዩ አባባሎቻችን መነሳታቸው አይቀርም፤ ተነሥተው ቢመረመሩ ይሻላል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አንዱ ነው። «እንደ ንጉሡ አጎንብሱ» የሚለው ሁለተኛው ነው። ሁለቱም ለሹም መጸለይን ለሹም ከመስገድ ጋር ያደባልቁብናል። ነቢዩ ናታን ግን በ2ኛ ሳሙኤል 12 ንጉሥ ዳዊትን ፊት ለፊት «ያ ሰው አንተ ነህ» ብሎታል፤ ያንኑ ዳዊት በተጸጸተ ጊዜ እግዚአብሔር ኃጢአቱን እንዳራቀለት የነገረውም ራሱ ናታን ነው። መጸለይና መውቀስ በአንድ ሰው አፍ ውስጥ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ሕጉም ቢሆን መንገዱን አልዘጋም፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ስለደነገገ፣ ኅብረታችሁ የማንኛውም ፓርቲ ክንፍ ከመሆን ተጠብቆ ስለ ሁሉም ሊጸልይ ይችላል።

ለሹም መጸለይ ከውጭ የመጣ ወግ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ጎረቤቶቻችሁን ጠይቁ። በእኛ ብሎክ ምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ እናት፣ የዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ሳምንት፣ ዘወረደ የሚባለው፣ ጾመ ሕርቃል ተብሎም እንደሚጠራ ያስረዱን ቡና እያፈሉ ነው። ሕርቃል እ.ኤ.አ. በ614 ኢየሩሳሌምን ከያዙት ፋርሶች ጋር ተዋግቶ መስቀሉን ያስመለሰው የቁስጥንጥንያ ንጉሥ ሲሆን፣ በትውፊቱ መሠረት ምእመናን ስለ እርሱ የጾሙት ሳምንት እስከ ዛሬ በአገራችን ይጾማል። እኛ ወንጌላውያን በዚህ ቀኖና አንጾምም፤ ነገር ግን ከአሥራ ሦስት መቶ ዓመት በፊት ስለ ነበረ አንድ ንጉሥ የተያዘ ጾም እስከ ዛሬ በአገራችን መኖሩን ሰምቼ፣ ማክሰኞ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል መጸለይ በዛብን ማለታችን አሳፍሮኛል።

ለማን እንደምትጸልዩ ጻፉ፤ ከሰው ስም በፊት የሥራ መደቡን አስቀድሙ

አንድ ባለ መስመር ደብተር ግዙና ከቅርቡ ጀምራችሁ ወደ ሩቁ ዝርዝር ሥሩ። አብዛኛው ኅብረት ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ይጀምራል፤ በዚያም ያበቃል። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ስሕተት ነው፤ በሕይወታችን ላይ በየቀኑ የሚወስነው የወረዳው ዋና ሥራ አስፈፃሚ፣ የጸጥታ ኃላፊው፣ የመሬት ጉዳይ የያዘው ባለሙያና በመስኮቱ በኩል «ነገ ተመለስ» የሚለው ጸሐፊ ነውና። እነርሱን ካስቀደማችሁ በኋላ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ወደ ከንቲባ፣ ወደ ክልል፣ ወደ ፌዴራል ውጡ። እንደ እኛ በድንበር ላይ የምትኖሩ ከሆነ ሁለት ዓምድ አስምሩ፤ በአንዱ የአዲስ አበባ፣ በሌላው የሸገር ሹማምንት ይጻፉ። ሁለቱም በእያንዳንዱ ማታ እኩል እንዲነሡ አድርጉ፤ አንዱ ብቻ የተነሣበት ማታ የሌላው ወገን ነዋሪ በእንግድነት ተቀምጦ እንደሚመለስ በተደጋጋሚ አይተናል።

ዝርዝሩ ሥልጣን ላይ ያሉትን ብቻ እንዳይይዝ ተጠንቀቁ። የተቃዋሚ ፓርቲ መሪዎች፣ ዳኞች፣ የምርጫ ቦርድ ኃላፊዎች፣ የጦር አዛዦች፣ በድርድር ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡ ሰዎች ሁሉ ይገባሉ። በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን በአዋጅ ሲቋቋም 11 ኮሚሽነሮች ተሾመው ስለነበር፣ እኛ በሳምንት አንድ ኮሚሽነር እያነሣን አሥራ አንድ ሳምንት ጸልየንላቸዋል። ከመካከላችን በምክክሩ የማያምኑም ነበሩ፤ ስለ ሰዎቹ ማስተዋል ለመጸለይ ግን በሂደቱ ማመን አላስፈለጋቸውም።

የእያንዳንዱን መደብ ሥልጣን በአንድ መስመር ጻፉ፤ ያለዚያ ጸሎታችሁ ለማይመለከተው ሰው ይደርሳል። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ከፍተኛው የአስፈጻሚነት ሥልጣን የጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሲሆን ፕሬዚዳንቱ ርዕሰ ብሔር ናቸው፤ ሕግ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን ደግሞ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ይህን ስታውቁ ጸሎታችሁ የዘመን መቁጠሪያም ያገኛል። ምክር ቤቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተከፍቶ እስከ ሰኔ 30 ይሠራል፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር በግንቦትና በሰኔ ስለ ገንዘብ የሚመክሩትን ማሰብ ተገቢ ነው። የለገዳዲ ግድብ ጎረቤታችን ሆኖ ሳለ ውኃ በፈረቃ የምናገኝ ሰዎች ስለ በጀት ለመጸለይ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

ወሬን ከጸሎት ርዕስ ለዩ

በተከፋፈለ ዘመን ጸሎትን ከምንም በላይ የሚያበላሸው በጸሎት መልክ የሚነገር ዜና ነው። «ጌታ ሆይ፣ ትናንት ማታ በእንዲህ ያለ ቦታ በእንዲህ ያሉ ሰዎች እጅ ያለቁትን...» ብሎ የሚጀምር ሰው፣ ሁሉን ለሚያውቅ አምላክ የሚነግረው አዲስ ነገር የለም፤ እየነገረ ያለው በአጠገቡ ለተቀመጡት ነው። የሰማው ነገር ከቴሌግራም የመጣ ያልተጣራ ወሬ ከሆነ ደግሞ፣ ዐይን ተጨፍኖ በተሰማ ጊዜ ከወትሮው የበለጠ ይታመናል። ጸሎትን ማንም «ከየት ሰማኸው?» ብሎ አያቋርጥምና።

ስለዚህ የሚከተለውን እናደርጋለን። የማታው ርዕሶች በጸሎት መሪው በኩል እስከ ሰኞ ማታ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ በኋላ የደረሰ ወሬ፣ ምንም ያህል አሳሳቢ ቢሆን፣ ለሚቀጥለው ማክሰኞ ይቆያል፤ በራሳችን ሰው ላይ የደረሰ ነገር ብቻ ከዚህ ደንብ ውጪ ነው። አንድ ክስተት እንዲጻፍ ቢያንስ ሁለት፣ አንዱ ከሌላው ያልቀዳ፣ ምንጮች ያስፈልጉታል፤ አንዱ ምንጭ የክስተቱን ቦታ በስልክ ደውሎ የጠየቀ የኅብረቱ አባል ቢሆን ይመረጣል። የሟች ቁጥር በጸሎት ውስጥ አይጠራም። የአንድ ብሔር ስም ከአድራጊ ግሥ ጋር ተያይዞ አይጠራም፤ «እገሌዎች ገደሉ» የሚል ቃል በክፍሉ ውስጥ ያለን አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ወንጀለኛ ያደርገዋልና። ይህ ደንብ መጀመሪያ ሲወጣ «እውነትን እንድንደብቅ ነው» ያለ ወንድም ነበረ፤ ጥያቄው ተገቢ ነበር። የመለስንለት መልስ፣ እውነቱ በወግ ጊዜ፣ ዐይን ተገልጦ፣ መጠየቅና መመለስ በሚቻልበት ሰዓት ሙሉ በሙሉ ይነገር የሚል ነው። ለዚህም ከጸሎቱ በኋላ ያለው የሻይ ሰዓት ተመድቧል፤ አንዳንዴም ከጸሎቱ ይረዝማል።

የአንድ ማታ ሥርዓት

ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እንጀምራለን፤ ወደ ጣፎ የሚመለሱት ታክሲ እንዳያጡ 2 ሰዓት ላይ እናበቃለን። ስልኮች በአንድ ቅርጫት ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ፎቶግራፍም ቪዲዮም አይነሣም። በኮንዶሚኒየም ግድግዳ ድምፅ ስለሚያልፍ ማይክሮፎን አንጠቀምም፤ የጎረቤትን ሕፃን ቀስቅሶ ስለ አገር ሰላም መጸለይ አይሆንም።

መጀመሪያ አንድ መዝሙር ከመጽሐፍ ቅዱስ ይነበባል። አብዛኛውን ጊዜ «አቤቱ፥ ፍርድህን ለንጉሥ ስጥ» ብሎ የሚጀምረውን መዝሙር 72 እንመርጣለን፤ በግእዙ ዳዊት ቁጥሩ 71 ነው። ይህ መዝሙር ከንጉሡ የሚጠብቀውን በግልጽ ስለሚያስቀምጥ፣ ለችግረኛ መፍረድንና ድኻውን ማዳንን ስለሚጠይቅ፣ ከእኛ የሚጨመር ፖለቲካ አያስፈልገውም።

ቀጥሎ ኑዛዜ ይመጣል፤ ለዚህ ሩብ ሰዓት ስጡ፤ አታሳጥሩት። ነቢዩ ዳንኤል በምዕራፍ 9 ስለ ሕዝቡና ስለ ነገሥታቱ በደል ሲጸልይ የተናገረው «ኃጢአትን ሠርተናል» ብሎ ነው፤ ራሱን ከበደለኞቹ አልለየም። በእኛ ኅብረት የዚህ ክፍል ትርጉም የበራልን ስለ ሙስና ልንጸልይ በተዘጋጀንበት ማታ ነበር። አንድ ወንድም ከመጀመራችን በፊት እጁን አንሥቶ ባለፈው ወር የቤቱን ካርታ ለማስጨረስ «የሻይ» ብሎ ገንዘብ መስጠቱን ተናገረ። ከእርሱ ቀጥሎ ሌላዋ፣ ከእርሷ ቀጥሎ እኔ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አባባል ያወጣው ሹሙ ብቻ አይመስለኝም፤ ልጁ ወይም ወንድሙ ሲሾም ደግሶ የሚጠብቀው ዘመድ፣ መስኮት ላይ ብር አጣጥፎ የሚያስገባው ባለ ጉዳይ፣ ሳይበላ የወረደውን «ሞኝ» ብሎ የሚስቅበት ጎረቤት አብረው አውጥተውታል። ስለዚህ በኑዛዜው ሰዓት እያንዳንዱ ሰው በዚያ ሳምንት ራሱ በመሥሪያ ቤት ያደረገውን ወይም በወገኑ ስም የተናገረውን አንድ ነገር ብቻ ያንሣ። የሌላ ሰው ኃጢአት መናዘዝ ክልክል ነው።

ምስጋናው አጭር ሊሆን ይችላል፤ ግን በስም የተጠራ ነገር ይኑረው። የመንገድ መብራት ገብቶ ከሆነ፣ አንድ ጸሐፊ ወረቀት በአንድ ቀን ጨርሳ ከሆነ፣ ያ ይጠራ። ለመንግሥት ምስጋና ማቅረብ የሚከብደው ሰው ዝም ማለት ይችላል፤ ማንም አይገደድም።

ከዚያ ምልጃው ይከተላል። በአንድ ማታ ከሦስት መደብ በላይ አታንሡ፤ ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ያህል ይበቃል። መጀመሪያ አንድ ሰው መደቡንና ሥልጣኑን ከደብተሩ ያነባል፤ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች በየተራ ይጸልያሉ፤ ከዚያ ለአንድ ደቂቃ ዝም ይባላል። እያንዳንዱ በሚቀናው ቋንቋ ይጸልይ። መጀመሪያ ላይ «ያልገባኝን ጸሎት እንዴት አሜን እላለሁ?» ተብሎ ነበር፤ አሁን የሚጸልየው ሰው ርዕሱን በአንድ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ካስታወቀ በኋላ በቋንቋው ይቀጥላል። አንድ የጣፎ አባታችን በአፋን ኦሮሞ ሲጸልዩ «ነጋ» የሚለው ቃል ደጋግሞ ይሰማል፤ በእርሳቸው ቋንቋ ሰላም ማለት ነው። ለአማርኛ ጆሮዬ ሁልጊዜ ሌሊቱ የነጋ ያህል ይሰማኛል። አንድ ቀን ይህን ብነግራቸው፣ ሁለቱም ከሆነ ምን ጠላሁ ብለው ሳቁ።

ልመናውን ከመጸለያችሁ በፊት ፈትኑት

ጸሎት መሪው በደብተሩ ላይ የተጻፈውን እያንዳንዱን ልመና በሦስት ጥያቄ ይመርምረው። ልመናው የሚጠይቀው አንድ ወገን እንዲያሸንፍ ነው ወይስ አንድ መልካም ሥራ እንዲሠራ? ልመናውን ስለ እኔ ሰው የምጸልየውን ያህል ስለማልወደው ሹምም ልጸልየው እችላለሁ? በዚህ ክፍል ውስጥ ከሁሉ በላይ የተጎዳው ሰው ሰምቶት አሜን ሊል ይችላል?

ምሳሌ ልስጥ። «መንግሥታችንን አጽናልን» የሚለው ለአንዳንዱ በረከት ለአንዳንዱ ግን ዛቻ ነው፤ «ዛሬ በሥልጣን ላይ ያሉትን ጽድቅን በሚያደርጉበት ነገር ሁሉ አበርታቸው፤ በደል በሚሠሩበት ሁሉ እጃቸውን ያዝ» ቢባል ሁለቱም ሰው አሜን ይለዋል፤ የሚጠይቀውም ከመጀመሪያው ይበልጣል። «እነዚህን ሰዎች አንሣልን» የሚለው ልመና ማን ይተካ እንደሆነ ስለማይናገር የኅብረቱን ግማሽ ያስደነግጣል፤ በእርሱ ፈንታ ሰሎሞን በ1ኛ ነገሥት 3፥9 የጠየቀውን፣ በሕዝብ ላይ ለመፍረድና መልካሙን ከክፉው ለመለየት የሚያስችለውን አስተዋይ ልቡና፣ ለተሾመውም ለሚሾመውም መለመን ይቻላል። «ሰላም አውርድልን» የሚለው ደግሞ ማንንም አያስቀይምም፤ ግን ባዶ ነው። የትኛው ሹም፣ በየትኛው ውሳኔ፣ በዚህ ሳምንት ምን ቢያደርግ ሰላም ይቀርባል? ይህን የመለሰ ልመና ይጻፍ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ግጭትን የማቆም ስምምነት በተሰማበት ሰሞን፣ «ሰላም ስለሆነ ተመስገን» ብለን ወደ ሌላ ርዕስ ልናልፍ ስንል፣ ባሏ በግንባር የነበረች እህታችን «ተኩስ አቁሙ የሚለውን ትእዛዝ እስከ መጨረሻው ወታደር ድረስ የሚያደርሱት አዛዦች እነማን ናቸው? ስለ እነርሱ እንጸልይ» አለች። ከዚያ ማታ የበለጠ የጠራ የጸሎት ርዕስ በደብተራችን ውስጥ የለም።

«ጌታ ነገረኝ፣ እገሌ ይወድቃል፣ እገሌ ይነግሣል» የሚል ቃል ሲመጣ ጸሎት መሪው በእርጋታ ያስቁመው። እንዲህ ያለ ቃል በምርጫ ሰሞን ይበዛል፤ የሰማው ሰው ደግሞ ይዞት ይወጣል።

ሐዘንና ቂም ያለበትን ሰው አታስቸኩሉ

ቤቱ የፈረሰበት ወንድማችን ስለ ሹማምንት በምንጸልይበት ሰዓት ለብዙ ወራት ወደ ኩሽና እየሄደ ሻይ ያፈላ ነበር። ጌታ «ለሚያሳድዱአችሁ ጸልዩ» ማለቱን ከእኛ በላይ ያውቀዋል፤ የማቴዎስን ምዕራፍ 5 በቃሉ ይዞታል። እርሱን በጥቅስ መገፋፋት ጭካኔ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ለእንዲህ ያለ ሰው «አቤቱ፥ እስከ መቼ» ብሎ እንደሚጀምረው እንደ መዝሙር 13 ያሉ የልቅሶ መዝሙሮችን ሰጥቷል፤ እኛም ለእነርሱ ቦታ ለማስገኘት አንድ ትንሽ ዘዴ ፈጠርን። የተጎዳ ሰው ልቅሶውን ሲያፈስ፣ ብሶቱ የሌላውን ወገን የሚያቆስል ቢሆን እንኳ፣ አይቋረጥም፤ ኅብረቱ ግን የሚመልሰው «አሜን» ብሎ ሳይሆን «አቤቱ፥ ስማ» ብሎ ነው። አሜን ማለት «እኔም እንዲሁ እለምናለሁ» እንደማለት ነው፤ «አቤቱ፥ ስማ» ግን «የወንድሜን ጩኸት አንተ ስማው» ማለት ነው። በዚህ ልዩነት ምክንያት ማንም የማይፈልገውን ሳይለምን፣ ማንም አፉ ሳይዘጋ ማደር ተቻለ። ወንድማችን ከኩሽና የተመለሰው በዚህ በኩል ነው። ቤቱ እንዲፈርስ ስለ ወሰነው ሹም በስም ገና አልጸለየም፤ እኛም አንጠይቀውም።

ነገር ሲከርር

ግጭት በቀረበበት፣ ኢንተርኔት በተቋረጠበት ወይም መንገድ በተዘጋበት ሳምንት ሳሎን መሰብሰብ አይቻልም፤ አይመከርምም። አስቀድማችሁ አባላቱን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አጣምሩ፤ ጥንዶቹ ከተለያየ ቋንቋና ከተለያየ አስተዳደር ቢሆኑ ይመረጣል። በየማታው 3 ሰዓት አንዱ ለሌላው ይደውላል። መጀመሪያ «ደኅና ናችሁ? የሚበላ አለ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ከዚያ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስለ አንድ የጸጥታ አዛዥና ስለ አንድ ሲቪል ሹም ይጸለያል፤ ስልኩ ይዘጋል። የሦስት ቀን ጾም ለመያዝ ብትወስኑ፣ አስቴር በምዕራፍ 4 እንዳደረገችው፣ ሕመምተኞችና የሚያጠቡ እናቶች እንዳይገቡበት ንገሩ። ያላችሁበትን ቦታና የሰዎቻችሁን ስም በጽሑፍ አትላኩ።

ከጸሎቱ በኋላ የሚሠራ

ነህምያ ስለ ኢየሩሳሌም ከካሴሉ ወር እስከ ኒሳን ወር፣ አራት ወር ያህል፣ ከጾመና ከጸለየ በኋላ በንጉሡ ፊት ቆሞ ደብዳቤ ጠይቋል፤ እንጨት ጠይቋል። ስለ አንድ መሥሪያ ቤት ለሦስት ወር የጸለያችሁ እንደሆነ፣ ሦስት ሰው መርጣችሁ ወደዚያ መሥሪያ ቤት ሂዱ። ጉዳይ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፤ ጸሎቱ የጉዳይ ማስፈጸሚያ የመሰለ እንደሆነ የሠራችሁት ሁሉ ይፈርሳል። እኛ መጀመሪያ የሄድንበት የወረዳ ኃላፊ «ቅሬታችሁ ምንድን ነው?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀን። በሥራው ላይ ከሁሉ የሚከብደው ምን እንደሆነ ብንጠይቀው ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «ሰው ፊቴ ቆሞ እያለቀሰ ሥልጣኑ የእኔ አይደለም ማለት» አለን። በዚያው ጉብኝት የውኃውን ፈረቃ ላነሣ አፌን ከፍቼ ነበር፤ አብራኝ የነበረችው እህት እግሬን ረገጠችኝ፤ ዘጋሁት። ስለ ውኃው በሌላ ቀን፣ እንደ ነዋሪ፣ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ጠየቅን።

ደብተሩ አራት ዓምድ ይኑረው፦ ቀን፣ የሥራ መደብ፣ የተለመነው ነገር፣ ከዚያ ወዲህ የሆነው። በአራተኛው ዓምድ የሚጻፈው የተጣራ ነገር ብቻ ነው፤ መልካም ነገር በሆነ ቁጥር «ጸሎታችን ተሰማ» ብላችሁ አትጻፉ፤ የሆነውን ብቻ ጻፉ። ባዶ የሚቀረው ቦታ ይበዛል፤ ባዶውን አትሙሉት።

ሹም ሽር በመጣ ጊዜ የሚደረገው ይህ ነው። በሥራ መደቡ ሥር ያለው ስም በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ አዲሱ ስም ይጻፋል፤ በዚያ ሳምንት ስለ አዲሱ ሰው «ሹመት ያዳብር» ተብሎ ይጸለያል፤ የወደድነውም ያልወደድነውም ቢሆን። የተሻረው ሰው ስም ግን ከደብተሩ አይወጣም፤ ወደ መጨረሻው ገጽ ይዛወራል፤ ቢያንስ ለሦስት ወር ይነሣል። የተሻረ ሹም ቤቱ ጭር ይላል፤ ደዋዩም ይቀንሳል። የተዋወቃችሁት ሰው ከሆነ ከእናንተ አንዱ ይደውልለት፤ ስለ ሥልጣኑ ሳያነሣ ልጆቹን ይጠይቅ። በእኛ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ አሁን ሰባት ስም አለ። ከእነርሱ አራቱ ዛሬ የት እንዳሉ እናውቃለን፤ ያ የወረዳ ኃላፊ ከአራቱ አንዱ ነው፤ አልፎ አልፎ ማክሰኞ ማታ ይመጣል፤ በሩ አጠገብ ይቀመጣል።